ከወመዘክር እስከ ስድስት ኪሎ

በአዲስ አበባ ከተማ ስሙ «እና» በሚል ቃል የሚጀምር ቤት እንዳለ አስተውላችሁ ታውቃላችሁን? ይህ ቤት ወመዘክር ነው። በግእዝ ቋንቋ «ወ» ማለት «እና» ሲሆን፥ «መዘክር» መታሰቢያ፥ እንዳይረሳ ተጽፎ የሚቀመጥ ነገር ማለት ነው። ቤቱ በ1936 ዓ.ም. ሲቋቋም የወጣለት ስም «ቤተ መጻሕፍት ወመዘክር» የሚል ነበረ። ሕዝብ ግን ረጅም ስም ማሳጠር ልማዱ ነውና፥ የፊተኛውን ክፍል ትቶ የኋለኛውን ብቻ ያዘ። መሥሪያ ቤቱ ከዚያ ወዲህ ስሙ ቢለወጥም በከተማው ሰው አንደበት ዛሬም ወመዘክር ነው። እንግዲህ አንድ ሰው «ወመዘክር ደርሼ መጣሁ» ቢል፥ ነገሩ በቀጥታ ሲፈታ «እና መታሰቢያ ደርሼ መጣሁ» ማለቱ ነው። ከስሙ ውስጥ ወድቀው የቀሩት መጻሕፍት ናቸው።

ነገሩ በመጀመሪያ ሲሰሙት የሚያስቅ ብቻ ይመስላል። ነገር ግን ቃላት እንደ ሰው ናቸው፤ ይሰደዳሉ፥ ይሾማሉ፥ ይሻራሉ፤ የኖሩበትንም ዘመን ታሪክ ተሸክመው ይገኛሉ። ስለዚህ በአንድ ቅዳሜ ጧት ሃያ ያህል ተማሪዎቻችንን አስከትለን፥ ከወመዘክር ተነሥተን በአራት ኪሎ በኩል እስከ ስድስት ኪሎ በእግራችን ለመጓዝ ተነሣን። አሳባችን መጻሕፍት የሚቀመጡባቸውን ቤቶች ማየት ብቻ አልነበረም፤ በመንገዳችን የምናገኛቸውን ቃላት ከየት እንደ መጡና ምን ይዘው እንደ መጡ ለመጠየቅ ጭምር ነበረ እንጂ።

ወደ ንባቡ አዳራሽ በገባን ጊዜ አስቀድሞ የተቀበለን ጸጥታው ነው። ከጸጥታው ቀጥለው የተቀበሉን ደግሞ ብዙ ዘመን በመጻሕፍት መካከል ያገለገሉ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። የእኒህ ሰው ሥራ በዛሬው አነጋገር የቤተ መጻሕፍት ባለሙያነት ይባላል፤ በግእዙ ግን ዐቃቤ መጻሕፍት ቢባሉ ይገባቸዋል። «ዐቀበ» ማለት ጠበቀ ማለት ነውና፥ ዐቃቤ ሕግ ሕግን እንደሚጠብቅ እርሳቸውም መጻሕፍትን ይጠብቃሉ። ስለ ሥራቸው ብንጠይቃቸው ፈገግ ብለው፥ «መምህር፥ የእኔ ሥራ ሰው የረሳውን ማስታወስ ነው። አንዱ ይመጣና አባቴ በወጣትነቱ ያነበበውን መጽሐፍ አምጣልኝ ይለኛል፤ ሁለተኛው ደግሞ በመካከሉ ገደማ አንዲት ሴት የምታለቅስበትን መጽሐፍ ይለኛል። ሴት የማታለቅስበት መጽሐፍ ቢጠይቀኝ ይቀለኝ ነበር» አሉን። ተማሪዎቻችን ሣቁ፤ ወዲያውም የአዳራሹን ጸጥታ አስታውሰው አፋቸውን በእጃቸው ያዙ።

ሽማግሌው ለልጆቹ ያሳዩአቸው አንዱ አስደናቂ ነገር የስም ጕዳይ ነው። በአውሮፓና በአሜሪካ ልማድ ደራሲ በመዝገብ የሚገባው በቤተ ሰቡ ስም ነው። እኛ ግን የቤተ ሰብ ስም የለንም፤ ያለን የራሳችን ስምና የአባታችን ስም ነው። ስለዚህ ሀዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ቢያሳትሙ፥ በዚያ ሥርዐት መዝገቡ «ዓለማየሁ፥ ሀዲስ» ብሎ ይጽፋል። መጽሐፉን ልጅ ጻፈ፤ መዝገቡ ግን ለአባት ሰጠ። በአገራችን ደራሲው በገዛ ስሙ ስለሚፈለግ፥ አንዱን መጽሐፍ በሁለት ልማድ የሚፈልግ ሰው በሁለት ልዩ ልዩ መሳቢያ ሊሄድ ይችላል። «አባትየው ቢሰሙ ቅር የሚላቸው አይመስለኝም» አሉ ሽማግሌው።

ሁለተኛው ችግር የፊደል ነው። «ሀ፥ ሐ፥ ኀ» በዛሬው አማርኛ ድምፃቸው አንድ ሆኗል፤ «ሰ»ና «ሠ»፥ «አ»ና «ዐ»፥ «ጸ»ና «ፀ»ም እንዲሁ። በወረቀት የሚያነብ ሰው በዐይኑ ያስተካክለዋል፤ በኮምፒዩተር የሚፈልግ ሰው ግን «ዓለም» ብሎ ቢጽፍ «አለም» ተብሎ የተመዘገበውን ላያገኝ ይችላል። በግእዝ ደግሞ ፊደሉ ሲለወጥ ነገሩ ፈጽሞ ይለወጣል። «ሠረቀ» በንጉሡ ሠ ሲጻፍ ፀሐይ ወጣ ማለት ነው፤ «ሰረቀ» በእሳቱ ሰ ሲጻፍ ግን ሌባ ወሰደ ማለት ነው። «ሰአለ» ለመነ ነው፤ «ሠዐለ» ግን ሥዕል ሣለ ነው። አንዲት ፊደል ብትሳሳት የወጣው ፀሐይ ሌባ ሆኖ ይገኛል፤ ምልጃ የሚለምነውም ሰው ሥዕል ሣሉልኝ የሚል ይመስላል።

ከዚህ በኋላ ሽማግሌው አንድ ወፍራም ጥራዝ በሁለት እጃቸው ተሸክመው አመጡልን። ይህ መጽሐፍ የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ የግእዝ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት ነው። ታሪኩን ለልጆቻችን ነገርናቸው። ሥራውን የጀመሩት መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ ነበሩ፤ እርሳቸው ሳይፈጽሙት ዐረፉ። ደቀ መዝሙራቸው አለቃ ኪዳነ ወልድ ተቀብለው ዕድሜያቸውን ሙሉ ደከሙበት፤ እርሳቸውም ወመዘክር በተቋቋመበት በ1936 ዓ.ም. ኅትመቱን ሳያዩ ዐረፉ። የአለቃ ኪዳነ ወልድ ደቀ መዝሙር ደስታ ተክለ ወልድ የመምህራቸውን አደራ ተቀብለው በ1948 ዓ.ም. አሳተሙት። የራሳቸውንም የአማርኛ መዝገበ ቃላት በ1962 ዓ.ም. አወጡ። እንዲህ አንዱ ለአንዱ እያቀበለ ሦስት ትውልድ የደከመበት መጽሐፍ ነው።

ተማሪዎቻችን አንዳንድ ቃል ተካፍለው እንዲፈልጉ ባዘዝናቸው ጊዜ በመጀመሪያ ተደናገሩ። «ሀ ለ ሐ መ» ብለው ቢጀምሩ መጽሐፉ አልሄደላቸውም፤ አለቃ ኪዳነ ወልድ ቃላቱን ያሰለፉት በ«አ በ ገ ደ» ተራ ነውና። ተራውን ከያዙ በኋላ ግን ያገኙት ነገር አስደነቃቸው።

አንዱ «አንቀጽ» የሚለውን ፈለገ፤ በዛሬው አማርኛ የሕግ ወይም የጽሑፍ ክፍል ነው፤ በግእዝ ግን በር፥ መግቢያ ማለት ነው። ሁለተኛው «ዐምድ» አለ፤ የጋዜጣ ዐምድ የምንለው፥ ጥንቱን ቤት የሚሸከም ምሰሶ ነው። «ገጽ» ፊት ነው፤ መጽሐፍ በገለጥን ቍጥር አንድ ፊት ይመለከተናል ማለት ነው። «ምዕራፍ» ማረፊያ ነው፤ መንገደኛ ደክሞት የሚያርፍበት ስፍራ። «መዝገብ» ሀብት የሚከማችበት ግምጃ ቤት ነው፤ ስለዚህ መዝገበ ቃላት የቃላት ግምጃ ቤት ነው። «ሐረግ» በዛፍ ላይ የሚጠመጠመው ተክል ነው፤ ጸሐፊዎች በብራና ራስጌ የሚሥሉት ጌጥ እርሱን ስለሚመስል ስሙን ወሰደ፤ በሰዋስውም የቃላት ጥምጥም ሐረግ ተባለ። «ማኅደር» ደግሞ «ኀደረ» ከሚለው የመጣ ማደሪያ ነው፤ የቈዳው የመጽሐፍ ከረጢት ማኅደር ተባለ፤ ዛሬ በየመሥሪያ ቤቱ የሰው ጕዳይ የሚታሰርበትም ይኸው ስም አለው። በግጥምም ስንኞች በአንድ ድምፅ ሲያልቁ «ቤት መታ» እንላለን፤ ባለ ቅኔዎችም ጕባኤ ቃናን ባለ ሁለት ቤት፥ ዘአምላኪየን ባለ ሦስት ቤት እያሉ ይቈጥራሉ።

እነዚህን ቃላት በአንድነት ብንሰበስባቸው ምን እናገኛለን? በር፥ ምሰሶ፥ ማረፊያ፥ ማደሪያ፥ ግምጃ ቤት፥ በደጅም የሚሳብ ሐረግ። ይህ ቤት ነው! አባቶቻችን መጽሐፍን የሰየሙት በቤት ቃላት ነው። በአንቀጹ ይገቡበታል፤ በምዕራፉ ያርፉበታል፤ ከገጹ ጋር ፊት ለፊት ይነጋገሩበታል።

መነጋገር ስንል ደግሞ ሌላ ቃል መጣብን። ከሁሉ የሚበልጠው ቃል «ማንበብ» ነው። በግእዝ «ነበበ» ማለት ተናገረ ማለት ነው፤ «አንበበ» ሲሆን አናገረ፥ እንዲናገር አደረገ ይሆናል። እንግዲህ መጽሐፍ አነበበ የምንለው ሰው ዝም ያለውን ነገር ያናገረ ሰው ነው። ይህም በአገራችን ትምህርት ቤት በእውነት ይታይ ነበር። ልጅ ፊደል ከቈጠረ በኋላ በመልእክተ ዮሐንስ ላይ በቍጥር ንባብ፥ በግእዝ ንባብ፥ በውርድ ንባብና በቁም ንባብ እያለ በየደረጃው ይወጣል፤ ተነሽና ወዳቂ፥ ሰያፍና ተጣይ የሚባሉትን የድምፅ ሥርዐቶች ይለያል፤ ይህም ሁሉ የሚሠራው በአፍ፥ ያውም በከፍተኛ ድምፅ ነው። ዝም ብሎ የሚያነብ ልጅ ቢገኝ የኔታ ተኝቶብኛል ብለው አርጩሜውን ያነሡ ነበር። የዘመናዊው አዳራሽ ሕግ ደግሞ ጸጥታ ነው፤ ይህም ለጐረቤት አንባቢ ክብር ነውና መልካም ነው። ሆኖም በቤትም በትምህርት ቤትም በአዳራሽም ዝም ካልን፥ መጽሐፍ መቼ ይናገራል?

ይህን እያሰብን ወደ አራት ኪሎ ወጣን። በዚያ የሚገኘው ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት በ1914 ዓ.ም. የተቋቋመ ነው። ለልጆቻችን የነገርናቸው የመልቃሚዎቹን ትዕግሥት ነው። የላቲን ፊደል 26 ነው፤ የእኛ ግን 33ቱ በሰባት ሲባዛ 231 ይሆናል፤ ዲቃሎቹን ፊደላትና አኃዙን ሳንቈጥር ማለት ነው። በእርሳስ ፊደል ይታተም በነበረበት ዘመን መልቃሚው ይህን ሁሉ በየሣጥኑ ለይቶ፥ ያውም የግራ ቀኝ ተገልብጦ እያነበበ አንድ በአንድ ይደረድር ነበር።

«ማተም» የሚለውም ቃል የራሱ ወግ አለው። «ኀተመ» ማለት በማኅተም ዘጋ ማለት ነው። የታተመ ደብዳቤ ከባለቤቱ በቀር ማንም እንዳይከፍተው የተዘጋ ነበር። መጽሐፍ ሲታተም ግን ለአንድ ሰው የነበረው ለሺሕ ሰው ይከፈታል። አንድ ቃል መዝጋትንም መክፈትንም ተሸከመ።

እዚያው አራት ኪሎ፥ ከምክር ቤቱ ፊት ለፊት በ2014 ዓ.ም. የተከፈተው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ይታያል። ስሙ ከ«በርሀ» የወጣ ነው፤ ብርሃንና መብራት የእርሱ ዘመዶች ናቸው። በገባን ጊዜ ወንበሩን የሞሉት ወጣቶች ነበሩ፤ ይህም ደስ አሰኘን። ነገር ግን በጠረጴዛዎቹ መካከል ቀስ ብለን ስናልፍ አብዛኞቹ የገለጡት የፈተና ደብተር መሆኑን አየን። ይህ ነቀፌታ አይደለም፤ ለፈተና የሚደክም ልጅ ይመሰገናል። ለፈተና ብቻ የተነበበ መጽሐፍ ግን ፈተናው ሲያልቅ አብሮ ያልቃል።

ከደጅ ስንወጣ ከተማሪዎቻችን አንዱ ከመንገድ ዳር ቈሎ ገዛ። ቈሎው የተጠቀለለበት ወረቀት ከአሮጌ መጽሐፍ የተገነጠለ ገጽ ነበረ። ልጁ ቈሎውን ለጓደኞቹ ካደለ በኋላ ወረቀቱን ዘርግቶ ማንበብ ጀመረ፤ ነገሩ ከሚጣፍጥበት ላይ ተቈርጦ ስለ ነበረ አዘነ። እኛም የቤተ ክርስቲያኑን ተማሪ «የቈሎ ተማሪ» የሚያሰኘው ምን እንደ ሆነ ነገርነው። ያ ተማሪ ከአገሩ ወጥቶ፥ ደበሎ ለብሶ፥ በልመና ያገኘውን ቈሎ እየቈረጠመ ነው መጽሐፍን የተማረው። በዚያ ዘመን ቈሎ ሰውን ወደ መጽሐፍ ያደርስ ነበር፤ ዛሬ መጽሐፉ የቈሎ ተሸካሚ ሆነ። ያም ሆኖ በዚያው መንገድ ላይ አንድ መጽሐፍ አዟሪ አገኘን፤ ከክንዱ እስከ አገጩ ድረስ መጻሕፍት ቈልሎ ከቡና ቤት ወደ ቡና ቤት ይሄዳል። ቤተ መጻሕፍት ሰው እስኪመጣ ይጠብቃል፤ ይህ ሰው ግን ቤተ መጻሕፍቱን ተሸክሞ ወደ ሰው ይሄዳል። ስለዚህ ተስፋ አልቈረጥንም።

ስድስት ኪሎ ስንደርስ የቀድሞው ቤተ መንግሥት ገነተ ልዑል ተቀበለን። በዘመነ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ለዩኒቨርሲቲ የተሰጠ ግቢ ሲሆን፥ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም በ1955 ዓ.ም. በዚሁ ተመሠረተ። በቤተ መንግሥቱ ፊት ጣሊያኖች በወረራው ዘመን ያሠሩት አንድ ጠመዝማዛ የድንጋይ ደረጃ አለ። እያንዳንዱ ደረጃ የፋሺስት አገዛዝ አንድ ዓመት መታሰቢያ እንዲሆን ነበረ የታሰበው፤ ከነጻነት በኋላ በጫፉ ላይ የይሁዳ አንበሳ ተቀመጠበት። ደረጃው ወደ ምንም ቤት አያስገባም። ልጆቻችን ትርጕሙ እስኪነገራቸው ድረስ መጫወቻ መስሏቸው ነበር። የሚያነበው ሰው ከሌለ መታሰቢያም ድንጋይ ነው።

በቤተ መዘክሩ ውስጥ የብራና መጻሕፍትን አየን። ብራና እንዴት እንደሚሠራ ነገርናቸው፤ የፍየሉ ቈዳ ይዘፈዘፋል፥ በእንጨት ይወጠራል፥ ይፋቃል፥ ይደርቃል፥ ይሰመራል። ቀለሙ ጥቍርና ቀይ ሆኖ በቀንድ ይቀመጣል፤ ስለዚህ ነው ታላቅ ሊቅ «የቀለም ቀንድ» የሚባለው። በዐረብኛ «ቀለም» ማለት መጻፊያው ብርዕ ነው፤ በእኛ ግን ስሙ ለሚጻፍበት ፈሳሽ ሆነ፤ ከዚያም ለትምህርት ተሰጠና ጐበዙን ተማሪ «ቀለም የገባው» አልነው።

በብዙዎቹ መጻሕፍት መጀመሪያ ወይም መጨረሻ ላይ የአስጻፊው ስምና የጸሐፊው ልመና ይገኛል፤ መጽሐፉን የሰረቀ ወይም የፋቀ ሰው የተወገዘ እንዲሆን የሚያዝ ቃልም ይጨመርበታል። ይህ ቃል የአገሩን ሰው አስፈርቶ ብዙ ዘመን ጠብቋል። ባዕድን ግን አላስፈራም። ዐፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ ብዙ መጻሕፍት ሰብስበው ነበር፤ በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. አምባው በእንግሊዝ ጦር ሲያዝ መጻሕፍቱ ተዘርፈው 350 ያህሉ ወደ ለንደን ቤተ መዘክር ገቡ፤ ዛሬም በዚያ አገር ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ። በዚያ በጥሩ ሁኔታ ተጠብቀዋል፤ ነገር ግን እንዲያነቧቸው ከተጻፉላቸው ሰዎች እጅ ርቀዋል።

በአገርም ውስጥ የመጠበቅ ሥራ ተሠርቷል። በአውሮፓ አቈጣጠር ከ1973 ጀምሮ በየገዳማቱና በየአድባራቱ ያሉ የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም እየተነሡ 9,000 ያህል ተሰብስበዋል፤ ቅጂውም በአሜሪካ በሚኒሶታ ክፍለ ሀገር በአንድ ቤተ መጻሕፍት ተቀምጧል። በ2021 በዚያው አቈጣጠር ያረፉት ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ከእነዚህ እጅግ ብዙዎቹን መርምረው በዝርዝር መዝግበዋል። «በቃል ያለ ይረሳል፥ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይባላልና፥ ይህ ድካም ምስጋና የሚገባው ነው።

ዳሩ ግን መጽሐፍን በመጨረሻ የሚጠብቀው ሣጥን ነውን? መልሱን ከመጽሐፈ ሄኖክ እንማር። ይህ መጽሐፍ በጥንት ዘመን በብዙ አገር ይታወቅ ነበር። በኋላ ግን ሌሎቹ ሕዝቦች ማንበቡን ተዉት፤ ማንበብ ሲቀር መቅዳት ቀረ፤ መቅዳት ሲቀር መጽሐፉ ጠፋ። በግሪክ ቋንቋ የተረፈው ከፊሉ ብቻ ነው። በአራማይስጥ የተጻፈውም በአውሮፓ አቈጣጠር ከ1947 ጀምሮ በሙት ባሕር አጠገብ ባሉት የቁምራን ዋሻዎች ቍርጥራጩ ብቻ ተገኘ። ሙሉው መጽሐፍ የተገኘው በግእዝ ነው። ጄምስ ብሩስ የሚባለው መንገደኛ በ1773 ቅጂውን ወደ አውሮፓ ባደረሰ ጊዜ ሊቃውንቱ ጠፋ ያሉትን በእጃቸው ያዙ። ዋሻው ከወንበዴ ጠበቀው፥ ከብልና ከዘመን ግን አልጠበቀውም። የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን በምን ጠበቀችው? ከቅዱሳት መጻሕፍት ቈጥራ ስላነበበችው፥ የሚነበበውም ሲያረጅ ስለሚገለበጥ ነው። የተነበበ መጽሐፍ ያልቃል፥ ግን አይጠፋም።

ይህን ስንናገር ሳለ ከተማሪዎቻችን አንዲት ልጅ ከመስተዋቱ ውስጥ የተሰቀለውን ማኅደር ትኵር ብላ ስታይ ቈየችና፥ «መምህር፥ እንዲህ ያለ በቤታችን አለ» አለች።

«በውስጡ ምን አለ?» ብንላት፥ «ዳዊት ነው ይላሉ» አለች።

«ማን ያነበዋል?»

«አያቴ በየጧቱ ይደግሙበት ነበር። እርሳቸው ካረፉ ወዲህ ማንም አላነበበውም። እናቴ በበዓል ቀን አቧራውን ጠርጋ ትስመዋለች፤ መልሳም ትሰቅለዋለች።»

«አንቺስ?»

«እኔ ግእዝ አልችልም።»

ከመስተዋቱ በታች አንድ ብራና ተገልጦ ነበር። «እስኪ የመጀመሪያዋን ፊደል ጥሪያት» አልናት። ጠራቻት። «ቀጥለሽ ያለችውንስ?» እርስዋንም ጠራች። ከሕፃንነትዋ ጀምሮ የምታውቀው ፊደል ነውና በጣትዋ መስተዋቱን እየተከተለች፥ በሁለት ነጥብ የተለየውን ቃል ሁሉ እያቆመች አንድ ሙሉ መስመር በድምፅ ወጣችው። ጓደኞችዋ ጫጫታቸውን ትተው ይሰሙአት ነበር። ትርጕሙን ሁሉ አላወቀችውም፤ ከቃላቱ ግን «ሰማይ»ና «ምድር» የሚሉትን ለይታ ዘወር ብላ ተመለከተችን። ብራናው ተናግሮ ነበር።

እናንተ ወላጆች ሆይ፤ ይህን የምንጽፈው ስለዚህ ነው። በብዙ ቤት በግድግዳ ላይ የተሰቀለ፥ በሣጥን ውስጥ በነጠላ የተጠቀለለ መጽሐፍ አለ። በክብር ይሳማል፤ ክብሩም ይገባዋል። ነገር ግን ሕፃኑ መጽሐፍን የሚያውቀው ሲሳም ብቻ ከሆነ፥ ከፍ ሲል የሚያወርሰው ማኅደሩን ብቻ ይሆናል። ዐቃቤ መጻሕፍቱ በአዳራሹ ይጠብቁ፥ ሊቃውንቱም ይመዝግቡ፤ በቤት ያለውን መጽሐፍ ግን ከቤተ ሰቡ በቀር የሚያናግረው የለም።

ሥራውም ከባድ አይደለም። ከእራት በኋላ ሬዲዮውና ስልኩ ለሩብ ሰዓት ዝም ይበሉ። ከልጆቹ አንዱ አንድ ምዕራፍ በድምፅ ያንብብ፤ ዛሬ ወንዱ ቢሆን ነገ ሴቲቱ። ዳዊትም ቢሆን፥ ወንጌልም ቢሆን፥ መልካም የታሪክ መጽሐፍም ቢሆን ይሁን። ፊደል ያልቈጠሩ አያት ካሉ ወንበሩን ወደ እርሳቸው አጠገብ አቅርቡት፤ ብዙ አያቶች በዐይናቸው ያላነበቡትን በጆሮአቸው ይዘውታልና፥ ልጁ ሲሳሳት የሚያርሙት እርሳቸው ሆነው ሊገኙ ይችላሉ። ያልታወቀ ቃል ሲመጣ አትለፉት፤ ከየት መጣህ ብላችሁ ጠይቁት። ገጽ ፊት መሆኑን፥ ምዕራፍ ማረፊያ መሆኑን የሰማ ልጅ መጽሐፍን እንደ ባዕድ አያየውም።

ቀድሞ ልጅ ዳዊት ሲጨርስ በቤቱ ድግስ ይደገስ ነበር፤ ጐረቤትም ተጠርቶ ይመርቀው ነበር። ዛሬ አንድ መጽሐፍ ከራሱ እስከ ግርጌው በድምፅ ለወጣ ልጅ አንድ ድፎ ዳቦ ቢቈረስለት ማን ይደኸያል? ያችም ልጅ ሰኞ ጧት ወደ ትምህርት ቤት ስትመጣ፥ እናትዋ ማኅደሩን ከግድግዳ አውርደው በእጅዋ እንደ ሰጡአትና የመጀመሪያውን መዝሙር በሦስት ሌሊት እንደ ወጣችው ነገረችን።